ባለ አምስት እግሯ ጉንዳን

በጦሳ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ጉንዳን ያያል። ደንቡ ነው። ተማሪው ከግቢው ሳር ውስጥ አንዲት የሞተች ጉንዳን ለቅሞ ይመጣል፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑን መሳቢያ ስቦ ያስቀምጣታል። መሳቢያው ገና ሳይዘጋ ምስሏ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ዓይኗ፣ ጠጉሯ፣ መንጋጋዋ፣ ሁሉም በየቦታው። ተማሪው ይደነቅና ሙሉ ነጥቡን ይዞ ወደ ምሳው ይሄዳል። ሉባባ ይመርም እንደ ሰው ጉንዳኗን ይዛ መጣች። ችግሩ፣ የእሷ ጉንዳን አንድ እግር ጎድሏት ነበር።

የግራ የኋላ እግሯ ከሥሩ ትንሽ ብቻ ቀርቶት ተቆርጧል። ሉባባ ይህን በገዛ ዓይኗ አይታዋለች፤ እንዲያውም ከሳሩ ላይ ስታነሳት "ምን አገኘሽ አንች?" ብላ ጠይቃት ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ጉንዳን ግን ስድስት እግር አላት። ሉባባ ቆጠረች። መሳቢያውን ከፍታ አየች፤ አምስት። ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ስድስት።

"እግሯን ማን መለሰላት?" አለች ጮክ ብላ።

"ታክማ ነዋ!" አለ አጠገቧ የተቀመጠው ደምለው፤ ክፍሉም ሳቀ። ደምለው ክፍል የሚገባው ለመሳቅና ለማሳቅ ነው። ያን ቀንም አርፍዶ ስለመጣ ጉንዳን መልቀሙን ረስቶ መሳቢያውን ባዶውን ነበር የዘጋው። የእሱም ጉንዳን ስክሪኑ ላይ ወጥታለች። ከሁሉም እሷ ታምራለች።

ሉባባ አብራ ልትስቅ ፈለገችና አልሆነላትም።

አገር የለመደውን ነገር ነው እሷ አዲስ ያየችው። ዘመኑ የቀዳሚ ነው፤ ሳያይ አስቀድሞ የሚገምተው ይህ የማሽን አእምሮ የማይገባበት ቤት የለም። ሰው ጠዋት ተነስቶ መስታወት ፊት ሲቆም መስታወቱ ታጥቦና ተበጥሮ ያሳየዋል፤ ሰውም በመልኩ ረክቶ ይወጣል። ደሴን ጉም ሲውጣት እንኳ በሚኒባሱ መስኮት የጦሳ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጆሯቸው ላይ የተሰኩት የቀዳሚ ጉትቻዎች "እንዴት አደርክ፣ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና" ተባብለው ይጨርሱላቸዋል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። ሐኪም ቤት የደም ውጤት የሚደርሰው ደሙ ሳይቀዳ ነው፤ መርፌ በመቅረቱ ሕዝቡ ደስ ብሎታል። ለቅሶ ቤትም ቀዳሚ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ደግሞ ከዘመድ ይበልጣል ይባላል። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ጉንዳን ስድስት እግር አለው ማለት ስህተት አይደለምና ቀዳሚን የሚወቅስ ሰው አልነበረም።

ሉባባ ጉንዳኗን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከታ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት ወረደች። እዚያ ዶክተር አስናቀች የሚባሉ፣ ተማሪ በሩቁ የሚሸሻቸው አሮጊት መምህርት እንዳሉ ሰምታ ነበር። በሩ አጠገብ ሚስማር ተመትቷል።

"ጉትቻሽን እሱ ላይ ስቀዪ" አሉ ዶክተር አስናቀች ቀና ሳይሉ። "ከዚያ እንደ ሰው ሰላም በዪኝ።"

ሉባባ ሰላም አለቻቸውና ነገሯን አንድ በአንድ አወራች። ዶክተር አስናቀች ብልቃጡን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው ጉንዳኗን ትክ ብለው ተመለከቷት።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ" አሉ። "ፎቅ ላይ ያሉት ማሽኖች ማየት ካቆሙ ስንት ዘመናቸው! ጨረሩን የሚያበሩት ለወጉ ነው። ጉንዳን ነው ካልሻቸው ጉንዳን ይሰጡሻል፤ ዝሆን ነው ብትያቸውም ዝሆን ይሰጡሽ ነበር።"

"የእርስዎ ማሽንስ?"

"የእኔዋ አሮጊት ናት" አሉ በኩራት። "ያየችውን ትናገራለች። ያላየችውን ምን አግብቷት!"

ከክፍሉ ማዕዘን አሮጊቷ ቆማለች። ከሰው የምትረዝም የብረት ግንድ፣ ከጎኗ እያጉረመረመ ክፍሉን የሚያሞቅ ፓምፕ፣ ከፊቷ በጣት ብዛት የተላላጡ ማዞሪያዎች። ቀዳሚ ከመምጣቱ በፊት የተሠራች ናት። ሉባባ ያኔውኑ ወደደቻት፤ በሦስተኛ ዓመቷም "ምልከታ ያለ ቀዳሚ" ለሚባለው ትምህርት ተመዘገበች። ክፍሉን ያጨናነቀው ተማሪ እሷ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያውን ወር ምንም አላየችም። ጉንዳን ማድረቅ፣ ከአንዲት ሳንቲም ከምታህል ብረት ላይ ማጣበቅ፣ በስሱ ወርቅ መቀባት፣ አየሩን በፓምፕ መጥባት፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። አንድ ቀን ቸኩላ ወርቅ ሳትቀባት ያስገባቻት የመለማመጃ ጉንዳን ኤሌክትሮኑ መሄጃ አጥቶ ሲጠራቀምባት እንደ አምፖል ቦግ ብላ ስክሪኑን ሞላችው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ ዶክተር አስናቀች። "አውጫትና እንደገና።"

ከዚያ ፎከስ መጣ። ፎከሱን ወዲህ ስታዞረው ምስሉ ወደ ግራ ይንሻፈፋል፤ ወዲያ ስታዞረው ወደ ቀኝ። ይህን የሚያቃኑ ሁለት ትንንሽ ማዞሪያዎች አሉ፤ አንዱን ስታቀና ሌላው ይጠማል። ሉባባ አንዳንድ ቀን እንባዋ እስኪመጣ ትታገላቸው ነበር። ፎቅ ላይ ጓደኞቿ በደቂቃ ጉንዳን፣ ንብና ቢራቢሮ አይተው ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። ደምለው ባገኛት ቁጥር "እህሳ፣ ዛሬስ ምን አላየሽም?" ይላታል።

አንድ ከሰዓት ግን ሁለቱ ማዞሪያዎች በአንድ ጊዜ ታዘዙላት። ጭጋጉ ተገፈፈ። የአንዲት ተራ የመለማመጃ ጉንዳን ፊት ከፊቷ ቆመ፤ መንጋጋዋ ላይ አፈር ቀርቷል፣ ከጠጉሮቿ አንዱ ከመሃሉ ተሰብሯል፣ አንገቷ ሥር ደግሞ ማንም ያልጠበቃት አንዲት ደቃቅ ተባይ ተለጥፋ ሞታለች። ሉባባ በደስታ ጮኸች። ከዚያች ቅጽበት በፊት ማንም፣ አንድም ፍጡር ያላየውን ነገር እያየች መሆኗ ገባት። ዶክተር አስናቀች ከወንበራቸው ሳይነሱ "እሰይ" አሉ። "አሁን ተማሪ ሆንሽ።"

ከሕጎቻቸው ሁሉ ጥብቁ ይህ ነው፤ ቅባት ይዞ ያንን በር የሚያልፍ የለም። ክሬምም፣ ሎሽንም፣ ቅቤም። "ቅባት አየር ከሌለበት ሲገባ ይተናል" ይላሉ። "ጨረሩ ባረፈበት ቦታ ሄዶ ይጋገራል። ያየሽውን ቦታ አጥቁሮ ይተውልሻል።" ሉባባ ዓመቱን ሙሉ ፊቷ በደሴ ብርድ እየተሰነጠቀ ቅባት ሳይነካት ከረመች።

ፈተናው ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። ደንቡን ያወጡት ፎቅ ላይ ያሉት ናቸውና ተማሪው ያነሳው ምስል ቀዳሚ አስቀድሞ ከገመተው ከራቀ ስህተት ተብሎ ይያዛል። ይህን ሊሽር የሚችለው ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ አፍ "አይቻለሁ፣ አምኛለሁ" ካለ። እንዲህ ያለ ፈታኝ እስካሁን አልተገኘም። ባለፈው ዓመት የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ወድቀዋል። ዘንድሮም ከተወደቀ ክፍሉ የወንበር ማከማቻ፣ አሮጊቷ የብረት ማቅለጫ ሲሳይ እንደሚሆኑ ተነግሯል። ሉባባ ደግሞ ወደ መራጮች ትምህርት ክፍል ትዛወራለች። መራጮች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ቀዳሚ ከሚያወጣቸው ምስሎች መካከል የሚያምረውን በጣት ይነካሉ። ወንበራቸው ምቹ ነው፣ ሥራም አያጡም። ሉባባ እዚያ ከመግባት ትምህርቱን እርግፍ አድርጋ ብትተው ትመርጣለች፤ ይህን ግን ላሳደገቻት አክስቷ እንኳ አልነገረችም። ለፈተናዋ የመረጠችው ናሙና ያችው ባለ አምስት እግር ጉንዳን ነበረች።

"ደፋር ነሽ" አሏት ዶክተር አስናቀች። "ወይም ሞኝ። ሲያድሩ ይለያል።"

የፈተናው ቀን ነጋ። አክስቷ ሰዓዳ በሆጤ ሰፈር ጉትቻ የማታደርግ ብቸኛ ሴት ናት። ሰው ስታገኝ ሰላምታውን ራሷ ከሥር እስከ ጫፍ ስለምታደርሰው ገበያ ወጥታ በጊዜ ተመልሳ አታውቅም። ያን ጠዋት ሉባባን ደጃፍ ላይ አንበርክካ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች።

"አላህ ያግራልሽ። የፈታኝሽን ልብ ያራራልሽ። ጠላትሽ ይፈር፣ ወዳጅሽ ይኩራ" አለችና ሉባባ "አሚን" ብላ ዓይኗን ሳትገልጥ መዳፏን የሞላውን ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አሳረፈችው።

"ወይኔ አክስቴ! ዛሬ ቅቤ አይሆንም! ማሽኗ አትወድም!"

"ቅቤ የማትወድ? የማን ልጅ ናት እሷ?" አለች ሰዓዳ እያሻሸች። "ዝም በይ፣ ምርቃት ተመልሶ አያውቅም።"

ሉባባ በጓሮ ዞራ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ታጠበች። የደሴ የጠዋት ውሃ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ቅቤ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፣ ይረጋል እንጂ። ረግቶ ከሹሩባዋ ሥር ተደበቀ። እሷ ግን መስታወቱ ፊት ስትቆም ንጹሕ፣ የተበጠረች፣ ለፈተና የተሰናዳች ሉባባን አየች። ዓመት ሙሉ የተማረችውን ሁሉ ረስታ መስታወቱን አመነችው።

ፈታኙ ዶክተር ቢያድግልኝ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጨዋ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ዶክተር አስናቀች ሚስማሩን ሲያሳዩዋቸው ጉትቻቸውን እያቅማሙ ሰቀሉ። ከዚያ ሰላምታ ከየት እንደሚጀመር ጠፋቸውና ቆመው ቀሩ። "እንዴት... አደራችሁ?" አሉ በመጨረሻ፤ ሲሳካላቸው ፊታቸው በራ። ደምለውም ሊስቅ ይሁን ሊያጽናና ሳይታወቅ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

ፓምፑ ክፍሉን አሙቆታል። ሉባባ ጓንቷን አጥልቃ፣ ወርቅ የተቀባችውን ጉንዳን ከእነ ብረቷ አንስታ፣ በመሃል ግንባሯን ያራሰውን ላብ በእጇ ጀርባ ጠረግ አደረገችና ናሙናውን አስገባች። አየሩ ተጠብቶ ለማለቅ ከወትሮው ዘገየ። ዶክተር አስናቀች ወደ መለኪያው አዩ።

ጉንዳኗ ወጣች። አምስት እግር።

ዶክተር ቢያድግልኝ የያዙትን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ከፈቱ። ቀዳሚ የገመታት ጉንዳን እዚያ ላይ በስድስት እግሯ ቆማለች፤ እንከን አይወጣላትም። አንዱን ከአንዱ አስተያዩና ተነፈሱ።

"ልጄ፣ እንዳይከፋሽ" አሉ። "የተቆረጠ እግር አሳየሽኝ፤ መልካም። ግን በምን ልመንሽ? ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ጫማ ያደረገች ጉንዳን በቀዳሚ አውጥታ አሳይታኛለች። ዛሬ ምስል ምስክር አይሆንም።"

ሉባባ ሰውየው እውነታቸውን እንደሆነ ገባት፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወደተቆረጠው ቦታ ቀረበች። ትንፋሿን ይዛ ሁለቱን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ አባበለቻቸው፤ የእግሯ ጉቶ ጠርቶ ታየ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ መሃሉ ባዶ። እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጉንዳኗን በሙሉ ለማሳየት ወደኋላ ስትመለስ ጉቶው ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ጥቁር ነገር ተቀምጧል።

እጇን ወደ አናቷ ሰደደች። ርጥብ ነው፣ ይለሰልሳል። የአክስቷ ቅቤ በክፍሉ ሙቀት ቀልጦ ግንባሯ ላይ ወርዶ፣ ከግንባሯ ወደ ጓንቷ፣ ከጓንቷ ወደ ጉንዳኗ ተሻግሯል። ዶክተር አስናቀች ጥቁሯን አይተዋታል፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈታኙ ገና አላስተዋሉም። ጉንዳኗን በጥቂቱ ብታዞራት ነገሩ ይሸፈን ነበር። የሉባባ እጅም ማዞሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሌለ እግር ተጨመረ ብላ ስትሟገት የከረመች ልጅ ያለውን ነገር እንዴት ትደብቅ?

"ይቺ ጥቁሯ ቅቤ ናት" አለች።

"ምን?"

"ቅቤ። ዛሬ ጠዋት አክስቴ ስትመርቀኝ አናቴን ቀብታኝ ነበር። የታጠብኩ መስሎኝ... ቅባት ካለ ያየሁት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከኋላ ደምለው "ወይ ጉድ" አለ። ዶክተር ቢያድግልኝ ግን ወንበራቸውን ጎትተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

"ያየሽው ቦታ ሁሉ?"

"አዎ።"

"ያላየሽውስ?"

"እሱ አይጠቁርም።"

ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ። "እስቲ ቀኝ አንቴናዋ ጫፍ ላይ ሂጂ። እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ማሽኗ እውነት የምታይ ከሆነ እዚያም ይጠቁራል።" ሉባባ ሄደች፣ ቆየች፣ ተመለሰች። አንቴናዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ተቀምጣለች። "ወገቧ ላይ።" ወገቧም ላይ ወጣች። ዶክተር ቢያድግልኝ ተነሱና "ቦታ ልቀቂልኝ" አሉ። በፈታኝነት ዘመናቸው ሁሉ ማዞሪያ ነክተው አያውቁም። መጀመሪያ አንሻፈፉት፣ ከዚያ ቀና አደረጉት፤ ዓይኗ ላይ፣ ሆዷ ላይ፣ እግሯ ላይ ሄዱ፤ በሄዱበት ሁሉ ማኅተማቸው ቀረ። ማኅተም እንዳገኘ ሕፃን ማቆም አቃታቸው።

"ዶክተር፣ ጉንዳኗን አከሰሏት እኮ!" አሉ ዶክተር አስናቀች።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ" አሉ እየሳቁ። ከዚያ ሰሌዳቸውን አንስተው ቀዳሚን ጠየቁት። "በዚህ ናሙና ላይ ቅቤ አለ?"

"ናሙናው ንጹሕ ነው" አለ ቀዳሚ በለሰለሰ ድምፁ። "ስድስት እግር አለው። እንኳን ደስ አላችሁ።"

ይህ ድምፅ የስንቱን ሰው ደም ንጹሕ ነው እንዳለ ለአንድ አፍታ ሁሉም ሳያስበው አልቀረም። ዶክተር ቢያድግልኝ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት።

"አክስትሽ ጉትቻ አታደርግም?"

"አታደርግም።"

"ታዲያ ቀዳሚ እሷን አያውቃትማ። በምን ይገምታት?" ቆመው ኮታቸውን አስተካከሉና እንደ መሐላ አድርገው ተናገሩት። "አይቻለሁ። አምኛለሁ።"

ሉባባ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ቅቤው ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለ። ደምለው እየዘለለ አጨበጨበ። ዶክተር አስናቀች ወደ አሮጊቷ ዞረው ግንዷን መታ መታ አደረጓት፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ማለፉን አልፈሻል" አሉ። "ለቅቤው ግን ነጥብ እቀንሳለሁ። ሕግ ሕግ ነው።"

ማታውን ምስሉ ከአሮጊቷ በቀጥታ በወረቀት ታትሞ ሆጤ ደረሰ። ሰዓዳ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላብጣ አየችው።

"እነዚህ ጥቁር ጥቁሮቹስ ምንድን ናቸው?"

"ያንች ቅቤ ነው አክስቴ። ምርቃትሽ።"

"ምርቃቴ ጥቁር ነው እንዴ?" አለች፤ ግን ደስ ብሏት ነበር። ግድግዳው ላይ፣ እንግዳ እንደገባ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ለጠፈችው።

በማግስቱ ደምለው ሊጠይቃት መጣ። ለእናቱ ሊልክላት ፈልጎ ምስሉን በስልኩ አነሳው። ስልኩን ሲያይ ስድስት እግር ያላት፣ አንድም ጥቁር የሌለባት፣ የምታምር ጉንዳን ቆማለች። ደግሞ አነሳ፤ ስድስት። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ ስልኩ አየ። ሉባባ ሊስቅ ነው ብላ ጠበቀች። አልሳቀም። ዓይኖቹ የፈራ ሰው ዓይኖች ሆኑ።

"አይላክም ማለት ነው" አለ።

"አይላክም" አለች ሉባባ። "ማየት የፈለገ ይመጣል።"

መጡም። የደምለው እናት ዳገቱን ወጥታ መጣች፣ የሰፈሩ ሰው መጣ፣ ዶክተር ቢያድግልኝ እንኳ የልጃቸውን ልጅ ይዘው መጡ። ሰዓዳ በሩ አጠገብ ሚስማር መትታ እንግዳውን ሁሉ ጉትቻውን ታሰቅላለች፤ ከዚያ ሰላምታውን ከሥር እስከ ጫፍ ሳታደርስ አታስገባም። አንዳንዱ እንግዳ መልሱ ይጠፋበትና በሰልፉ ውስጥ እየተለማመደ ይጠብቃል። የዶክተሩ የልጅ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ግድግዳው ሥር በእግሯ ጣት ቆመች፤ በጣቷም ወረቀቱን እየነካች ከጉንዳኗ የፊት እግሮች ጀምራ ቆጠረች። ጥቁሯ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"አያቴ" አለች ዞራ፣ "አምስት ናት እኮ!"